ሦስት ጣት ለኤጀታ

ሮማነወርቅ ብዙ ውሸት የዋሸች ሴት አይደለችም። ሠላሳ ዓመት መሬት ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ውሸት ይሰማል እንጂ ለመናገር ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ ያቺን የዋሸቻትን አንዲት ውሸት በደንብ ታስታውሳታለች። አምና በገና ማግስት ጎረቤቷ ኤጀታ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «የወልዴ ማንደጃ እንዴት ነው? ዝገት አልበላውም?» ሲላት፣ «ኧረ ጓዳ አስገብቼዋለሁ» አለችው።

ጓዳ የገባ ማንደጃ አልነበረም። ጓዳ የገባው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ወልደ ኢየሱስ በየካ ሚካኤል ሰፈር የታወቀ በያጅ ነበር። ኤጀታ ደግሞ ከወለጋ መጥቶ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ከአስቴር ጋር መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ የሚሄድ ጴንጤ። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖት ተከራክረው ተሸናንፈው አያውቁም። በጥብስ ነገር ግን ገና ከጠዋቱ ተስማሙ። ኤጀታ ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወረደ የጎማ ቸርኬ አመጣ፤ ወልደ ኢየሱስ ሦስት እግር በየደለትና ከላዩ ወፍራም ላሜራ ጣለበት። ከታች የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ፍልጥ ይነዳል፣ ከላይ ያገኙት ሁሉ ይጠበሳል።

ችግሩ ጾም ነበር። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ኤጀታን ሥጋ ባማረው ቀን ሁሉ ወልደ ኢየሱስ ጾመኛ ሆኖ ይገኛል። የፍስክ ቅባት በነካው ብረት ላይ ደግሞ ድንች እንኳ አይጠበስም። አንድ ቀን ወልደ ኢየሱስ ላሜራውን ወደ ሥራ ቦታው ወስዶ፣ አንድ ዘንግ ፌሮ ከዳር እስከ ዳር በየደበትና መለሰው። ያ ፌሮ «ድንበሩ» ተባለ። ከድንበሩ ወዲያ የኤጀታ ሥጋ፣ ከድንበሩ ወዲህ የወልደ ኢየሱስ ድንችና ቃሪያ። ቅባቱ እንዳይሻገር በኤጀታ ወገን ጫፉ ላይ ቀዳዳ ተበሳና ከሥሩ የቲማቲም ቆርቆሮ ተቀመጠለት። «እሳቱ አንድ ነው፤ ድንበር የሚያስፈልገው ለብረቱ ነው» ይል ነበር ወልደ ኢየሱስ። የልጆቹ ልደት፣ የኤጀታ ልጅ የጊፍቲ ምርቃት፣ መብራት የጠፋባቸው እነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ያለፉት በዚያ ማንደጃ ዙሪያ ነው።

ሮማነወርቅን አንድ ነገር ያበግናት ነበር። ድንበሩ መሀል ላይ አልነበረም። ወደ እነሱ ወገን ሦስት ጣት ያህል ገብቷል። በዚያ ላይ ከድንበሩ ባሻገር ሦስት የብየዳ ጠባሳ ተደርድሯል፤ ላሜራውን ባጠበች ቁጥር ጨርቋን ይይዝባታል። ቢሮ ውስጥ የድንበር ገፊ ክስ ስታገላብጥ ለዋለች ሴት፣ ቤቷ ገብታ ጠማማ ድንበር ማየት ራስ ያማል።

«ሦስት ጊዜ ሞክረህ መሀሉን ሳታገኘው ቀረህ? ደግሞ በያጅ ነኝ ትላለህ!»

«ቸኩዬ ነዋ» ይላል እየሳቀ።

«እንግዲያው አቃናው!»

«አቃናዋለሁ፤ ይቆይ።»

ይቆይ ይቆይ ሲል ሃያ ምናምን ዓመት አለፈና ሳያቃናው ሞተ።

አርባው ከወጣ በኋላ ማንደጃው ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ጠዋት በር በከፈተች ቁጥር ቀድሞ የሚታያት እሱ ነው። ወልደ ኢየሱስ ተጎንብሶ እሳቱን ሲያራግብ፣ ጭሱ ዓይኑን ሲያስለቅሰው ይታያታል። አንድ ማለዳ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በበሩ አለፈ። ሳታስበው ጠራችው። ሰውዬው ማንደጃውን ገልበጥ አድርጎ አየና ሁለት ሳፋ ሰጣት፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ። በማዳበሪያ ጠቅልሎ ተሸክሞት ሲሄድ ቀለላት። ከሰዓት በኋላ ግን መጸጸት ጀመረች፤ እስከ ሾላ ገበያ ድረስ ሄዳ ብትፈልገው ሰውየው የለም። አረንጓዴውን ሳፋ ለአስቴር ሰጠቻት፤ ሁለቱንም ማየት አልቻለችም።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ተዳፍኖ ይኖር ነበር፣ ዘንድሮ ኤጀታና አስቴር ጊፍቲ ዘንድ፣ ሱሉልታ፣ ሊገቡ ባይነሱ ኖሮ። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ሊለቁ ነው። የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ኤጀታ መጣና ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ሮማን፣ እሑድ ዕቃ እንጭናለን። ቅዳሜ በወልዴ ማንደጃ አንድ ጊዜ እንብላ። እኔ ሥጋዬን፣ አንቺ ድንችሽን። ሌላ ስንብት አልፈልግም።»

«እሺ ጋሽ ኤጀታ» አለች። ምን ትበል?

ልጇ ሃኒ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። ቢሮ የምትውል፣ ለማንኛውም ችግር ስልኳ ውስጥ መፍትሔ የሚኖራት ልጅ ናት። «እማ፣ ኖ ፕሮብለም! የውጭ ሥሪት ይሸጣል፣ በእንጨት የሚሠራ፣ አሪፍ ነገር» ብላ በማግስቱ መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ወሰደቻት።

ሻጩ ወጣት ሽክ ብሏል። ዙሪያው ሰፊ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ብረት አሳያቸው፤ መሀሉ ላይ እሳት፣ በዙሪያው መጥበሻ።

«ይሄ ፕላንቻ ይባላል እናቴ።»

«ጥላቻ?»

«ፕላንቻ!»

«እኔ ጎረቤት ለማብላት ጥላቻ አልገዛም» አለች ሮማነወርቅ። ሃኒ ፊቷን በስካርፏ ሸፈነች።

ወጣቱ ግን ሥራውን ያውቃል፣ አልተበገረም። «ሁለገብ ነው እናቴ። ሥጋው፣ ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ አትክልቱ፣ ሁሉም ባንዴ እዚሁ ላይ!»

«ሁሉም ባንዴ?»

«ባንዴ!»

«ጾመኛና የማይጾም አብረው ሲመጡስ?»

ወጣቱ ብረቱን ዳበስ አደረገ። «በደንብ ይታጠባል እኮ።»

«እየነደደ?»

ወጣቱ ወደ ዓሣው ተመለሰ። ዓሣም ለጾም ይሆናል ብሎ ሊያጽናናት ቢሞክር፣ በእሷ ቤት ዓሣም ፍስክ ነው። ሃኒ እጇን ይዛ አወጣቻት።

«ለሁሉ ይሆናል ያሉት ለሁለት ሰው አልሆነም» አለች ሮማነወርቅ መንገድ ላይ። አልሳቀችም፤ ረቡዕ እያለቀ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከሾላ ገበያ ጀርባ ጋሮማ የሚባል በያጅ ዘንድ ሄዱ። ጋሮማ ዓይኑ ከብየዳው ብርሃን የቀላ፣ ብዙ የማይናገር ጎልማሳ ነው። የምትፈልገውን ስትነግረው ከብረት ክምሩ ውስጥ አንድ የዛገ ቸርኬና አንድ ወፍራም ላሜራ ጎትቶ አወጣ።

«አሮጌ ነው እትዬ። አዲስ ከፈለጉ ላምጣ።»

ሮማነወርቅ ዝገቱን በጣቷ ነካችው። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን ሹክ ያላት። ይሄ ቸርኬ ከዚያኛው በምን ይለያል? የኤጀታ ዓይን ደክሟል። ለምን ብላ ሰውየውን በመጨረሻው ቀን ታሳዝነዋለች?

«አሮጌው ይሻላል» አለች። «ብዙ ዓመት የነደደበት ይምሰል።»

«እማ!» አለች ሃኒ። «የአባዬ ነው ልትያቸው ነው?»

«እኔ ምንም አልልም። እሱ ያለውን ይበል።»

ጋሮማ ፌሮውን አንስቶ ላሜራው ላይ ጋደም አደረገውና፣ «የት ጋ ልበይደው?» አለ።

ሮማነወርቅ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች። ጡረታ ከወጣች አምስት ዓመቷ ነው፤ ሜትሩ ግን ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም። ያኛው ድንበር ጠማማ እንደነበር አልረሳችም። ግን እንዴት አድርጋ፣ በገዛ አፏ፣ «ሦስት ጣት አጥምመው» ትበል? ያን ጥመት ከእሷ ሌላ ያየው ሰው ያለም አልመሰላት። ከወዲህ ለካች፣ ከወዲያ ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች።

«መሀል» አለች። «ፀጉር ታህል እንዳትዛነፍ።»

ብየዳው ሲንቦገቦግ ፊቷን አዞረች። ይኸው ወልዴ፣ አቃናሁልህ አለች በልቧ። እንባዋ መጣ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍልጡ መንደድ ጀመረ። የባሕር ዛፉ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ሽታውማ ያው የድሮው ነው። ወደ ላይ እንጦጦ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል። ሃኒ ድንች ትልጣለች። አስቴር የተከተፈውን ሥጋ በሳፋ ይዛ ገባች፣ በአረንጓዴው ሳፋ። ሮማነወርቅ ሳፋውን ስታይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

ኤጀታ ካፖርቱን አውልቆ፣ ቢላዋውን ይዞ፣ እንደ ዱሮው በራሱ ወገን ቆመ። አንድ ቁራጭ ሥጋ ጣለ። ጨስ አለ። ሁለተኛውን ሊጥል እጁን ሰነዘረና ቆመ። በቢላዋው ጫፍ ላሜራውን ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ የሆነ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ድንበሩን አየ። አሁንም አየ።

«ሮማን።»

«አቤት።»

«ይሄ የወልዴ አይደለም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለካ ለእሷ ነው። አልተከራከረችም። ቆራሌውን ነገረችው፣ ያን ማለዳ ነገረችው፣ ሾላ ድረስ መሄዷንም። «ቸርኬው ያንተ ነበር፣ ሳልጠይቅህ ሸጥኩት። ከዚያ ዋሸሁህ። ዛሬም ልዋሽህ ነበር። ማየት አቅቶኝ ነው ጋሽ ኤጀታ። ሁለት ሳፋ ሰጠኝ፤ አንዱ ይኸው አስቴር እጅ ላይ ነው።»

አስቴር ሳፋውን አየችው። ኤጀታም ሳፋውን አየው። ላሜራው ላይ ቁራጯ ሥጋ ብቻዋን ትንጫጫለች።

«ለካስ» አለ ኤጀታ ቀስ ብሎ፣ «ዓመት ሙሉ እግሬን የምታጠበው በገዛ ቸርኬዬ ነው!»

አስቴር ቀድማ ሳቀች። ሃኒ ተከተለች። ሮማነወርቅ ግን መሳቅ አልቻለችም።

«በምን አወቅኸው?» አለች።

«መሀል ነዋ!» አለ። ወደ ድንበሩ ጠቆመ። «የወልዴ መሀል አልነበረም።»

«ስህተቱን ነው ያቃናሁት።»

ኤጀታ ቢላዋውን አስቀመጠ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ስህተት አልነበረም ሮማን። መጀመሪያ ሲበይደው መሀል ነበር፣ እንደዚህ። ጊፍቲ ስትወለድ ‹አፍ ጨመረ› ብሎ፣ ላንቺ ግን ‹ብየዳው ለቀቀ› ብሎ፣ ላሜራውን ወሰደ፤ ፌሮውን ነቅሎ ወደናንተ አንድ ጣት አስገባው። ገመቺስ ሲመጣ አንድ ጣት። ኤልቃና ሲመጣ አንድ ጣት። ጠባሳዎቹን አላየሻቸውም?»

አይታቸዋለች። ሃያ ዓመት አጥባቸዋለች።

«ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረኝም? ስሰድበው ኖርኩ እኮ!»

ኤጀታ አስቴርን አየ፤ አስቴር አንገቷን ነቀነቀች፣ ንገራት እንደማለት።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ከሃኒ ወዲህ ሌላ ልጅ አልተሰጠንም፤ እሷ ማታ ማታ የምታለቅሰውን እኔ አውቃለሁ። የናንተን ልጆች በጣት እየቆጠርኩ እንደሆነ ካወቀች ይብስባታል። በያጁ ባሌ መስመር አያውቅም ትበል፣ እሱ ይሻላል› አለኝ።»

ሮማነወርቅ ሠላሳ ዓመት ድንበር ገፊ ስትከስ፣ ስታስታርቅ፣ ካርታ ስትዘረጋ ኖራለች። በአንድ ክንድ አጥር ወንድማማቾች ሲጋደሉ አይታለች። ወደ ራሱ ወገን ድንበር የገፋ ሰው ግን አንድም ፋይል ውስጥ አላገኘችም፤ እሱ እቤቷ ነበር። አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች፣ ወልደ ኢየሱስ የተቀበረ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ማንም ተይ አላላትም።

«ኧረ ሥጋው አረረ!» አለ ኤጀታ በመጨረሻ።

በሉ። እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ፣ እንደ ድሮው። ሃኒ እናቷ ሱቅ ውስጥ «ጥላቻ» ያለችውን ለኤጀታ ነገረችውና ሽማግሌው ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የማንደጃው ስም ጥላቻው ሆነ፤ «ጥላቻው ላይ እንጨት ጨምሩበት» ይላል አስቴርን እየጠቀሰ። እሑድ መኪናው ዕቃውን ጭኖ በእንጦጦ በኩል ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሮማነወርቅ ላሜራውን በሃኒ መኪና አስጭና ጋሮማ ዘንድ ደረሰች።

«ምነው እትዬ፣ ተዛነፈ?»

«አልተዛነፈም። ድንበሩን ግፋልኝ።»

«በየት በኩል?»

«በእኔ በኩል።» አራት ጣቷን አጋጥማ ከፌሮው ጎን ላሜራው ላይ አስተኛች። «ይህን ያህል።»

ጋሮማ እጇን አየ። «ጎረቤቶቹ ሊሄዱ ነው አላሉኝም ነበር?»

«ሄደዋል።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚሰፋው?»

«ሱሉልታ ማዶ ነው፤ ይመጣሉ። ሲመጡ ጠቦ እንዳይጠብቃቸው። ሦስቱ ጣት የልጆቹ ነው፣ ባሌ የሰጣቸው።»

«አራተኛዋስ?»

«የኔ ናት» አለች።

ጋሮማ መቁረጫውን አነሳ። ፌሮውን ቆርጦ ነቀለ፣ አራት ጣት ወደ እሷ ወገን አስገብቶ በየደው። ሲጨርስ ሞረዱን አነሳና የድሮውን ብየዳ ጠባሳ አሳያት።

«ይሄን ሞርጄ ላጥፋልዎት? ሲያጥቡት ጨርቅ ይይዛል።»

ሮማነወርቅ ጠባሳውን በጣቷ ዳበሰችው፤ ገና ትኩስ ነበር።

«ይቆይ» አለች።