ደንገል የጠጣው ናፍጣ

አባታችን ሌሊት እንዳረፈ የነገረን ከባሕር ዳር በበቅሎ የመጣ ነጋዴ ነው። እኔና ወንድሜ መስዑድ አንበሳሜ ነበርን፤ እኔ ገበያ ላይ ጨው ስቸረችር፣ እሱ በአንድ ጣልያን አሮጌ ካሚዮን ለጣልያን ጦር ምሽግ እህል ሲያመላልስ። የሰፈር ሽማግሎች የላኩት ቃል አጭር ነበር፦ «ጀናዛውን እስከ ከሰዓት በኋላው፣ እስከ ዐስር ሶላት እናቆያለን። ከዚያ ወዲያ አንችልም።»

በእኛ ዘንድ ሬሳ አይከርምም። አባትን ጉድጓድ ወርዶ የሚቀበለው፣ በቀኝ ጎኑ አጋድሞ ፊቱን ወደ ቂብላ የሚያዞረው ልጁ ነው። አባታችን ታንኳ ሠሪው አብዱልወሃብ ደግሞ ከእኔ ከሴት ልጁ ሌላ ያለው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ያንኑ አንዱን «የጣልያን መሪ ጨብጠህ ደጄን አትርገጥ» ብሎ ካባረረው ወዲህ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል።

«ካሚዮኑን ሳታስፈቅድ ወስደህ ጣልያኑ ቢይዝህስ?» አልሁት።

«ይግረፈኛ! አባቴን በእጄ ሳላስተኛው አልቀርም።»

የካሚዮኑ ናፍጣ መለኪያ ከሞተ ቆይቷል። መስዑድ የናፍጣው ጋን ውስጥ የብረት ዘንግ ይነክርና እርጥቡን አይቶ ይነዳል። የዚያን ዕለት ዘንጉ አልገኝ አለ። መስዑድ ለመቀመጫ ካነጠፍነው፣ ታንኳ ከሚታሰርበት ደረቅ ደንገል አንድ አገዳ መዘዘና ነከረ። እስከ ግማሹ ረጥቦ ወጣ።

«ተርፎ ይመለሳል» አለና ተነሣን።

ሐሙሲትን አልፈን፣ ጣና ከሩቅ መታየት ሲጀምር ካሚዮኑ ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ። መስዑድ ወርዶ ጋኑን በቡጢ መታው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ደንገሉን አንሥቶ ሰበረው። የደንገሉ ልብ ናፍጣውን ወደ ላይ ስቦ ጠጥቶታል፤ ለካ ያሳየን የጋኑን ልክ አልነበረም።

«የታንኳ ሠሪ ልጅ!» አልሁት። «ደንገል እንደሚጠጣ የሐይቁ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ታንኳ በየጊዜው ከውሃ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ለጌጥ መሰለህ? አባባ ቢሰማ በከፈኑ ውስጥ ሆኖ በሳቀብህ።»

የተሰበረውን ደንገል ወርውሮ ጣለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት የጣልያን ካሚዮኖች ከኋላ መጡ። መስዑድ መሐል መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ሊድጡት ለጥቂት ሳቱትና አቧራ አልብሰውን አለፉ። አርበኛ በሚያደፍጥበት መንገድ ማን ለማን ይቆማል?

ከመንገዱ በላይ ካለች ጎጆ አንዲት ሴትዮ ወጡ። የቄስ ባለቤት ናቸው፤ ስማቸው ወለተ ሩፋኤል።

«ምነው በጠራራ ፀሐይ የምትነታረኩ?»

ነገርናቸው። ካሚዮኑን እንደ ታመመ በሬ ዞረው አዩት።

«ይህስ ፍጡር ምንድን ነው የሚጠጣ?»

«ናፍጣ ነው፣ እናቴ።»

«እኔ ዘንድ ከኑግ ዘይት በቀር የለም።»

መስዑድ ቀና አለ። «የኑግ ዘይትም ይጠጣል። ሾፌሮች ሲቸግራቸው ያደርጉታል።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ና ተሸከም! ለበዓል ያስጨመቅሁት ነው። ቄሱ ቢቆጡ ለእኔ ተወው፤ አባት ሁለት ጊዜ አይቀበር።»

የዘይቱን እንስራ ጋኑ ውስጥ ገለበጥን። ካሚዮኑ ግን እምቢ አለ፤ ባዶውን ሲሄድ ቧንቧው አየር ውጧል። መስዑድ ብሎኑን አላልቶ የናፍጣ መግፊያውን ፖምፓ በእጁ ይገፋል፤ አረፋ ይወጣል፤ ደግሞ ይገፋል፤ ደግሞ አረፋ። የካሚዮኑ ጥላ ሜዳው ላይ እየረዘመ ሄዶ ከካሚዮኑ በለጠ። የዐስር ሶላት ሰዓት ገባ ማለት ነው። አልነገርሁትም። እሱም አይቶታል፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ኋላ ካሚዮኑ ተነሣ። የተቆላ ኑግ የሚሸት ጭስ እየተፋ የአባይን ድልድይ ተሻገርን።

ሰፈራችን ስንደርስ ሰዎቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። ከአባቴ ጋር ታንኳ ሲያስሩ ያረጁት ጎረቤታችን ቡርሀን ፊት ለፊት መጡ።

«ጠበቅናችሁ፣ ልጆቼ። ከሶላቱም በኋላ ጥቂት ቆየን። ኢማሙ በቃ አሉ።»

«ማን ወረደ?» አለ መስዑድ።

«እኔ። በቀኙ አስተኛሁት። አታስብ፣ ደህና አድርጌ ነው።»

«ስለ እኔ ያለው ነገር አለ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «አንደበቱ ቀድሞ ነው የተያዘ» አሉ።

አንዲት ጎረቤት የእጅ ውሃ ይዛ ወጣች። ቡርሀን እጃቸውን ሊዘረጉላት ሲሉ መስዑድ ቀድሞ ያዛቸው። የአባታችን መቃብር አፈር እስከ ክንዳቸው አለ።

«የለም፣ አይታጠቡ» አለ። «ትንሽ ይቆዩልኝ።»

ሴትዮዋ ውሃውን እንደያዘች ቆመች። ሽማግሌው ክንዳቸው እየዛለ እጃቸውን ሳይነጥቁት ቆዩ።