ብሩና የጨው ውሃ

ሞባይል ስልክ ደሴ አዲስ በገባበት ዓመት፣ በጥር ወር፣ የኩታበሩ ገበሬ ብሩ ለልጁ ሰርግ የተገዛውን በግ ሲያባርር ገመዱ እግሩን ጠልፎ ጣለው። እንዳለመታደል ከምድጃው አጠገብ ነበርና ተጥዶ የነበረው የፈላ ውሃ ላዩ ላይ ተገለበጠ። ጀርባውና ጭኖቹ ተገሸለጡ። ሚስቱ ሰርካዲስ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ጎረቤት አስተባብራ ደሴ ሆስፒታል አደረሰችው። በጉማ አመለጠ።

እዚያም ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰካለት፤ ቁስሉ በፋሻ ተሸፈነ። ሲስተር ሩቲ የምትባል፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው የደሴ ሰፈር የመጣች ነርስ፣ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በጆግ አምጥታ ለሰርካዲስ ሰጠቻት።

«እማማ፣ ይህን በትንሽ በትንሹ ያጠጧቸው። ባዶ ውሃ ግን አይስጧቸው።»

ብሩ አንዴ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ የከብት ነው። የተቃጠለው ጀርባዬ፤ ጉሮሮዬ ምን አጠፋ?»

አጠገቡ የተኛው፣ እግሩ የተሰበረው በሽር አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

ሰርካዲስ ግን ልቧ አላረፈም። አንሶላው በየጊዜው ይረጥባል። ሽንቱ አመለጠው ብላ አዘነች፤ ሰው እንዳያይበት ነጠላዋን ደረበችበት። ከንፈሩ ደርቆ «ውሃ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ» እያለ ሲለምናት ደግሞ አንጀቷ አልቻለም። የጆጉን ደፍታ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችለት። እሱም ኩባያ በኩባያ ላይ ጨለጠ።

በማግስቱ ብሩ፣ ያ ወሬኛ ሰው፣ ጭጭ አለ። ቆይቶ ዓይኑን ሰርካዲስ ላይ ተከለና «ነይ ዳማ፣ ልጫንሽ» አላት።

ዳማ በቅሏቸው ናት። በሽር ሊስቅ አፉን ከፈተና የሰርካዲስን ፊት ሲያይ ዘጋው። እሷም እየሮጠች ሩቲን ጠራቻት።

ሩቲ የልብ ምቱን አዳመጠች፤ ሐኪም ጠርታ ደም አስወሰደች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ እሳቸው ምን ጠጡ?»

«ውሃ ነው ልጄ። ያንን ጠላው፤ እኔም ደፋሁት።»

ሩቲ አልተቆጣችም። የአንሶላውን ጫፍ አንስታ አሳየቻት። «ይሄ እርጥበት ምን መሰልዎት?»

«ሽንት ነዋ። እንዳያፍር ብዬ ሸፈንኩለት።»

«ሽንት አይደለም። ውሃችንን ውስጣችን ይዞ የሚያቆየው ቆዳችን ነው። ቆዳው ሲላጥ ከደም የወጣው ውሃ በቁስሉ ይፈሳል፣ ይተናልም፤ የሰውነትን ጨውም ይዞ ይሄዳል። ባዶ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ የቀረው ጨው ይቀጥናል። ጭንቅላታቸውን ያዞረው እሱ ነው።»

«ገደልኩት በይኛ።»

«ኧረ አልገደሏቸውም። በጊዜ ጠርተውኛል።»

ሐኪሙ ግሉኮሱን ጨው ባለው ሌላ ፈሳሽ ቀየረ። ሰርካዲስ ከአልጋው ሥር አልተነሳችም፤ እጁን ይዛ በጸሎት ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ብሩ አንቀላፋ፣ ነቃ፣ እንደገና አንቀላፋ። በኋላ ዓይኑን ገለጠና ትኩር ብሎ አያት።

«ሰርካዲስ፣ ምን ያስለቅስሻል? ሰርጉ ቀረ እንዴ?»

«አልሐምዱ ሊላህ» አለ በሽር። «ጋሽ ብሩ፣ ሚስትህን ኮርቻ ልትጭንባት ነበር እኮ።»

ብሩ ትንሽ አሰበ። «እሺ አለችኝ?»

ሰርካዲስ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት፤ ሩቲም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ጆጉ መጣ። ብሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ኮሶ እያንገሸገሸው፣ ሚስቱ በሰጠችው ልክ ጠጣ።

ሰርጉ ወደ ግንቦት ተላለፈ። ቁስሉ ከዳር ዳር እየጠበበ ስስ፣ ቀላ ያለ ቆዳ ለበሰ። ከሆስፒታል የወጡት በደሴው ሰኞ ገበያ ሰው በሰው ላይ ሲራመድ በሚውልበት ዕለት ነበርና በግርግሩ መሃል ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ሰርካዲስ ከኋላው ሆና፣ ማንም ጀርባውን እንዳይነካው ሁለት እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ ተከተለችው። ብሩም የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰላም እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ ተንጎራደደ።