ቦራ የሮጠበት አርብ

ወላሂ እኔ እስካሁን አልገባኝም። ስሜ ከማሉ ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፤ ስለ ፈረስ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ግን ያን አርብ የሆነውን ነገር አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ እጁን ነበር የምስመው።

ፈረሴ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ከረመዳን በፊት በቀኝ የፊት እግሩ ማነከስ ጀመረ። እኛ ባለጋሪዎች ፈረስ ከፊት ካነከሰ ትከሻው ነው እንላለን፤ አባቶቻችንም እንደዚያው ነው ያሉት። ስለዚህ ጋሼ ዱባለ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ ዱባለ ብረት አግለው የፈረስ ትከሻ የሚተኩሱ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ቦታ ተኮሱት። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ አላስቻለኝም። ማነከሱ ግን እንዳለ ነው።

ጋሪ የማይጎትት ፈረስ እኛ አገር ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ከከተማ ወጣ አድርገው ይለቁታል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሳል። ቦራን እንደዚያ ላደርገው ነው? ባለቤቴ ፈቲሀ «ይሄን ፈረስ ከእኔ አብልጠህ ትወደዋለህ» ትለኛለች፤ ሙሉ በሙሉ ውሸቷን አይደለም።

ያኔ ነው የፈረስ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚቆዩት ሲባል የሰማሁት። አርብ በጠዋት ወዳረፉበት የእንስሳት ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ዶክተር ሆሳዕና የምትባል ቀጠን ያለች ሴት እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። የተተኮሰውን ትከሻ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ጉልበቱን ይዛ እጥፍ ስታደርገው ቦራ ዘለለ።

«ትከሻው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ጉልበቱ ውስጥ ነው» አለችኝ።

«ኧረ ዶክተር! ትከሻው ነው እንጂ!»

«እሺ፣ እናረጋግጥ» ብላ ጉልበቱ ውስጥ መርፌ ወጋችው። ትንሽ ቆይታ «ያስሩጡት» አለች። አስሮጥኩት። ሱብሃነላህ! አያነክስም! እንደ ግልገል ነው የሚፈነጥዘው። ግንባሩን ሳምኩት፤ እሷንም ለመሳም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እሷ ግን ፊቷም አልተፈታም። ራጅ አነሳችው፤ ፎቶውንም አሳየችኝ። «ጉልበቱ ሲደነዝዝ ማነከሱ ጠፋ፤ ስለዚህ ሕመሙ እዚያ ነው ማለት ነው። ከአጥንቱ ጫፍ ምስር የምታህል ስባሪ ተነስታለች። የወጋሁት ማደንዘዣ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል። ነገ ጠዋት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ከፍተን፣ ባንዱ ካሜራ ባንዱ መቆንጠጫ አስገብተን እናወጣታለን። ሁለት ሦስት ወር ካረፈ ሥራው ላይ ይመለሳል። እስከዚያ እንዳያንቀሳቅሱት፤ እዚሁ ይደር።»

ሰማኋት፤ አልሰማኋትም አልልም። ግን እናንተ ፍረዱኝ። ሲያነክስ የነበረ ፈረስ ከሮጠ ድኗል። የዳነውን ፈረስ ነገ ልቅደደው ትላለች! የእኛ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ ካልተወጋ ታከምኩ አይልም፤ መርፌ ተወግቶ የተሻለው ደግሞ ልቀደድ ብሎ አይመለስም። ጭንቅላቴ ዞረ። ሌላ ፈረስ ልታይ ዞር ስትል ገመዱን ፈታሁና ሹልክ አልኩ።

ዕለቱ ገበያ ነው። ከመስቃን ገጠር በርበሬ የሚያስመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ ጆንያውን ጫንኩ። ቦራ አስፋልቱን ሲያገኝ በረረ። ባጃጅ ቀደመ እኮ! ጓደኞቼ ከመቆሚያው «ከማሉ፣ ምን አብልተኸው ነው?» ብለው ጮሁ። «መርፌ!» አልኳቸው። ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር የምነዳው። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጄ የተወለደ ቀን እንኳ።

ሁለተኛውን ጭነት ይዘን ስንመለስ መንገድ መሃል ቀጥ አለ። እግሩን አንስቶ ቀረ፤ መሬት አላስነካም አለ። ጉልበቱ አብጦ ክብ ሆኗል። ጆንያውን በሌላ ጋሪ አስጭኜ፣ እሱን አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ እየጎተትኩ ቤት ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሆኗል። ፈቲሀ «ዓይን ነው! አገር እያየ አስሮጥከው» አለች። ጋሼ ዱባለ ተጠርተው መጡ፤ ጉልበቱን አዩና «ይሄም መተኮስ አለበት» ብለው ብረታቸውን አወጡ።

«ቆይ ጋሼ» አልኳቸው። «ትከሻ ነው ሲሉኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ጉልበት ነው ያለችው እሷ ናት።» ተቀይመው ሄዱ።

ቅዳሜ በማለዳ በጎረቤት አይሱዙ ጭኜው ክሊኒኩ ደረስኩ። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ይሄ የባሰ አስፈራኝ። «የት ነበር?» አለችኝ።

«ቤት ታስሮ ነው ያደረው» አልኩ። እውነት ነው፤ ያደረውስ ታስሮ ነው። ውሎውን አልጠየቀችኝማ።

አደንዝዘው አስተኙት። እርሳስ የምታህል ካሜራ ጉልበቱ ውስጥ ገባች፤ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ነገር ላይ ውስጡ ታየ። የእንስሳን አካል ውስጡን በሕይወት እያለ ሳይ ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃ ይረጫሉ፣ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል፣ የቱ አጥንት የቱ ሥጋ እንደሆነ አልለይም። ስባሪዋን በመቆንጠጫ ያዘችና አወጣቻት። «አለቀ?» አልኩ። ካሜራውን አንድ ቦታ ላይ አቁማ ታያለች።

«ይሄ እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ማለት ነበረበት» አለችኝ ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳየች። ተቧጭሯል፤ ዳር እስከ ዳር ተፍቋል። «ትኩስ ቁስል ነው። አቶ ከማሉ፣ ትናንት ይሄ ፈረስ ሠርቷል?»

«ታዲያ ለምን አላነከሰም!» ብዬ ጮህኩ። «ቢያመው ያነክስ አልነበር? ባጃጅ ቀድሟል እኮ!»

«ስላደነዘዝኩት ነዋ። ስባሪዋ ስትፈጨው አልተሰማውም።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ይተርፋል። ሣር ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጋሪ ግን ከእንግዲህ አይጎትትም።»

«ትናንት እንዳልሽኝ እዚሁ ትቼው ቢሆን ኖሮስ?»

ጓንቷን አወለቀችና የቦራን ግንባር ዳበሰችው።

አልለቀቅኩትም። ባለጋሪዎቹ «አብደሃል፣ ለምን ትቀልበዋለህ» ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ አሁን የሰው ጋሪ ላይ ተቀጥሬ በሰው ፈረስ እሠራለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ቦራ ከግቢው ጥግ ተነስቶ መጣ፤ አያነክስም። የቆመው ጋሪዬ ጋ ሄደና ዞሮ፣ ወደኋላ እያፈገፈገ በሁለቱ መጎተቻ እንጨት መሃል ገብቶ ቆመ። አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ፣ እንዳስረው።

«ውጣ!» አልኩት። «አትችልም! እኔ ነኝ ያበላሸሁህ፣ ውጣ!» ጆሮውን አዞረልኝ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ፈቲሀ ጩኸቴን ሰምታ ስትወጣ አንገቱን አቅፌ እያለቀስኩ ነው። እሱ ደግሞ ለምን እንደማንሄድ ግራ ገብቶት ቆሟል።