ሳታረግዢ ነይ

ሲስተር ኣብርሄት ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነበር የነገረቻት። «ክኒንሽን በራስሽ እንዳታቆሚ። ልጅ ስታስቢ ደግሞ አርግዘሽ ሳይሆን፣ ሳታረግዢ ነይ። ዶክተሩ መድኃኒቱን ያስተካክልልሻል፣ ደምሽን እናያለን፣ ቫይታሚን ትጀምሪያለሽ። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ትወልዳለች፤ ግን ተዘጋጅታ ነው።»

ፍቅርተ ይህን ሰምታ በደስታ ከክሊኒኩ ስትወጣ፣ ደጃፉ ላይ የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ሆዳቸው ገፍቶ ነበር። አንዷ የሓዝሓዝ ሰፈር ጎረቤቷ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «አንቺ ደግሞ ባዶ ሆድሽን ይዘሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ? መከላከያ እንዳይሆን!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ከፍቅርተ ቀድሞ አማቷ ጆሮ ደረሰ።

አደይ ለምለም ክፉ ሴት አይደሉም። ከደርግ ጋር የነበረው ጦርነት ሁለት ልጆቻቸውን በልቶ በራኺን ብቻ ነው ያስቀረላቸው። ምራትሽ መከላከያ ትወስዳለች ሲሏቸው አልጮሁም። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሱባዔ እንገባለን፤ ማርያም ትሰጥሻለች» አሉ። ከዓዲ ኣበይቶ መንደር ወዲያ ጸበል አለ። እዚያ ጸበል የያዘ ሰው ክኒን አይውጥም።

ፍቅርተ በሽታዋን ለአማቷ ነግራ አታውቅም። የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው። አባቷ ወታደር ነበርና ደርግ ሲወድቅ ወላጆቿ ከቃኘው ጦር ሰፈር ጓዛቸውን እንኳ ሳይሸክፉ ወደ ጎንደር ሲወጡ፣ እሷ ለበራኺ ብላ ቀረች። ይኸው ሁለት ዓመቷ። ከእሱ በቀር ማን አላት?

በሄዱ ዕለት ጠዋት አሮጊቷ ነጠላቸውን ሊያመጡ ሲገቡ፣ ባሏን የሚነዳው ታክሲ አጠገብ ያዘችው።

«ንገርልኝ። አንተ ብትነግራቸው ይሰሙሃል።»

በራኺ መስታወት መወልወል ጀመረ። «ያለ ፈቃዷ ያገባሁሽ አንሶ፣ ደግሞ ትወድቃለች ልበላት? አንድ ሳምንት ምን አላት? ዓመት ሙሉ ጥሎሽ አያውቅም እኮ።»

«ያልጣለኝ ስለምውጠው ነው!»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለና የክኒኑን ጠርሙስ ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተ።

ሱባዔው ሳይጋመስ፣ ወረፋ ላይ ቆማ ሳለች አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከመውደቋ በፊት የሚመጣ ጣዕም ነው። «አደይ...» ከማለቷ መሬቱ ተነሣባት።

ስትነቃ ፊቷ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ላይ መቁጠሪያ ያርፋል። ምላሷ ተነክሷል። ያ ስንት የለፋችበት ትግርኛ የት እንደገባ ጠፋት፤ የመጣላት የእናቷ ቋንቋ ብቻ ነበር።

«ክኒኔን... ክኒኔን ስጡኝ።»

«ለፈለፈ! ለፈለፈ!» ተንጫጩ ሴቶቹ።

«ኣየ! አምሓርኛ እኮ ነው የሚናገረው!» አለች አንዲት ወፍራም ሴትዮ። «የደርግ ወታደሮች ሲወጡ ይኼኛው መኪና አምልጦት ነው!»

ጸበልተኛው በሳቅ ፈረሰ። አጥማቂው ግን አልሳቁም። «ማን ነህ? ከየት ያዝካት?»

«ፍቅርተ ነኝ። በሽታ ነው አባቴ፤ ሲስተር ኣብርሄት ታውቃለች።»

«ስሟን ሰረቀ! ክኒን እያለ ይለማመጠናል፣ ጸበሉ ሲያቃጥለው!» ጮኹ ሴቶቹ።

ዞራ አማቷን ፈለገች። አፏን የፈታችው በአማርኛ መሆኑን አደይ ለምለም ያውቃሉ። አንድ ቃል በቂ ነበር። አሮጊቷ ግን ምራታቸው የማን ልጅ እንደሆነች ለእነዚህ ሴቶች አልነገሩም። ሁለት ልጅ ቀብረው በየትኛው አፋቸው ይናገሩት? ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። የደስታ ለቅሶ ነበር፤ የልጅ ልጅ የከለከላቸው ነገር በመጨረሻ ተገለጠላቸው።

ከዚያ ወዲያ ፍቅርተ የምትናገረው ሁሉ የእሷ መሆኑ ቀረ። ዝም ስትል አድፍጧል ይላሉ፣ ስታለቅስ ተቃጠለ ይላሉ። አንድ ጊዜ ራሷን አረጋግታ በጥሩ ትግርኛ አስረዳቻቸው። «ብልጥ ነው፣ ቋንቋ ይቀይራል» ተባለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር። የወር አበባዋ ቀኑን አልፏል። እስክዘጋጅ ጠብቀኝ ብላው በራኺ አልጠበቃትም ነበር። ይህን ለማንም ሳትተነፍስ ለእሱ አቆየችው። ሌላው ባይገባው ልጁ ይገባዋል፤ ሲሰማ አንጠልጥሎ ይወስዳታል።

ቅዳሜ መጣ። እጅጌውን ይዛ ከግንቡ ኋላ ወሰደችው።

«ቀርቶብኛል፣ በራኺ። ሳልዘጋጅ ያረገዝኩ መሰለኝ። ያለ ክኒን እየወደቅኩ ደግሞ ለእኔም ለልጁም አይሆንም። ዛሬውኑ ሲስተር ኣብርሄት ጋ ውሰደኝ።»

ፊቱ በራ። የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

«ኣደይ! ኣደይ፣ አርግዛለች!»

እልልታው አካባቢውን አናጋው። አደይ ለምለም ወድቀው መሬት ሳሙ። አጥማቂው መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ «የወጣው እንዳይመለስባት ሌላ ሱባዔ ትጨምር» አሉ። በራኺ እናቱን አየ፣ ሴቶቹን አየ።

«እወ፣ ይሁን» አለ።

«ክኒኑን እንኳ ስጠኝ» አለችው በሹክሹክታ። እጇን ኪሱ ላይ አሳረፈች፤ ጠርሙሱ በጨርቁ በኩል ተዳሰሳት። እጇን ቀስ አድርጎ አነሣው።

«ሰው እያየ ነው ፍቅርተ። ክኒን ደግሞ ልጅ ይጎዳል ይባላል። ትንሽ ቻይ።»

ወደ መኪናው ቁልቁል ወረደ። ሲራመድ ክኒኖቹ ኪሱ ውስጥ ይንኳኳሉ። ከዚያ ሁሉ እልልታ መሀል እሷ የምትሰማው ይህንን ብቻ ነበር፤ ሞተሩ ተነሥቶ እስኪውጠው ድረስ።

ሴቶቹ ሊስሟት ከበቧት። አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ።