ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

ኑ፣ ቀረብ በሉ። በሩን አትዝጉት፤ ነፋሱም ይግባ። ምንጣፉ ላይ አረፍ በሉና የዐርዶን ነገር ላጫውታችሁ። አጭር ናት፤ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች።

ዐርዶ ጅግጅጋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ዋርሳሜ በባቡሩ መስመር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወር አይሻ፣ ወር ሽንሌ፣ ከዚያ ቤቱ። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። እንደ ዛሬዎቹ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው የሚያነሣው ብረት ነው፣ አናቱ ላይ አራት የመስታወት አምፖሎች የተተከሉበት። ሲከፍቱት ወዲያው አይናገርም። አምፖሎቹ መጀመሪያ እንደ ፍም ይቀላሉ፤ ከዚያ ድምፁ፣ ከሩቅ መንገድ እንደሚመጣ ሰው፣ ቀስ እያለ ይቀርባል።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ዋርሳሜ ወደ አይሻ ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው በዚሁ አምፕሊፋየር የሚሰማውን ባለ ሪሉን ትልቅ ቴፕ ከፍቶ ድምፁን ቀዳላት። “እስክመጣ ይህን እየሰማሽ ቆዪ” አላት። ሄደ። እዚያው ወባ ያዘውና አይሻ ተቀበረ። መርዶው የደረሳት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እንግዲህ ጉዱ ይኼ ነው፤ ዐርዶ ያንን ሪል እስከ መጨረሻው ሰምታው አታውቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንባዋ አላሰማት አለ። በኋላ ደግሞ ዕቃው ራሱ አስቸገረ። ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሄድና ያጓራል፤ ይንተፋተፋል፤ የተቃጠለ ሰም ይሸታል። ደንግጣ ታጠፋዋለች። የሚቋረጠውም ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ነው፤ ዋርሳሜ “ዐርዶ፣ አንድ ነገር ደግሞ…” ሲል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ “አንድ ነገር” ምን እንደሆነች ሳታውቅ ኖረች። ሱሪ ስትጠቅም፣ ቁልፍ ስትተክል፣ በልቧ እሷኑ ታሰላስላለች።

ጎረቤቷ ንጋቷ ትቆጣታለች። “አንቺ ሴትዮ፣ የሰማሽውን ዝለይውና ወደ ፊት አዙሪው!”

“ሰው ሲናገር አፉን ይዘሉታል እንዴ? ከሰላምታው ነው የሚጀመረው።”

በመጨረሻ ንጋቷ ራሷ ሄዳ ይሁንን ይዛው መጣች። ይሁን ከደሴ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነው።

“የታለ በሽተኛው፣ ኤዶ?” አለ። ኤዶ እዚህ አገር አክስቴ እንደ ማለት ነው።

ዐርዶ የቡፌውን የመስታወት በር ከፈተች። ዕቃው ግድግዳውን ተደግፎ፣ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦለታል። ይሁን ጭንቅላቱን ያዘ።

“ይኼ ዳንቴል የስንት ጊዜ ሥራ ነው?”

“የአሥራ ሁለት ዓመት። በየዓመቱ አንድ አንድ ዙር እጨምርለታለሁ። አቧራችንን ታውቀዋለህ፤ ሲመጣ ቆሽሾ እንዳያገኘው…” አለችና አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። “ማለቴ… ንብረቱ ነው።”

ይሁን ለስለስ አድርጎ፣ “ኤዶ፣ የጎዳው አቧራው አይደለም፤ ሙቀቱ ነው” አላት። “ይኼን እኮ ምድጃ በይው። ምድጃን ሳጥን ውስጥ ከተሽ፣ ብርድ ልብስ ደርበሽ፣ በር ዘጋሽበት! ሰው ቢሆን እስካሁን ውሃ ብሎ ይጮህ ነበር።”

“አልኳት እኮ! ሙሽራ አደረገችው” አለች ንጋቷ።

“አንቺ ዝም በይ፤ አበባውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።”

ይሁን አምፖሎቹን አንድ በአንድ አየ። አንደኛው ውስጡ ጠቁሯል። “የዚህን ምትክ ጅቡቲ ድረስ አስጠይቄ አጥቻለሁ። እንዲህ ታፍኖ ከሠራ አንድ ጊዜ ወይ ሁለት ጊዜ ቢነድልሽ ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ዝም ይላል።”

ዐርዶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሣችና ዳንቴሉን ራሷ ገፈፈችው። እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ዕቃውን ከቡፌው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አደረጉት። ይሁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቀው። ከሥሩ አየር እንዲገባ አራት የክር መጠቅለያ እንጨቶች ለመናትና አራቱን ማዕዘን አስደገፈ። አናቱን በለስላሳ ብሩሽ ጠራረገ። “በላዩ ምንም አይቀመጥ። ሥራ ጨርሶ ሲበርድ ዳንቴልሽን አልብሺው። ሲተኛ ይልበስ፤ ሲሠራ ይራቆት።”

“እንደ ቀን ሠራተኛ ነው በለና!” አለች ንጋቷ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ይሁን ተመልሶ መጣ፤ ዐርዶ በሩንም መስኮቱንም ከፈተች። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ገባ። ይግባ አለች። አምፖሎቹ ቀሉ። ዋርሳሜ ከሩቅ መጣ፤ ሰላምታውን አደረሰ፤ ሻይዋ ውስጥ ስኳር እንደምታበዛ ቀለደባት። ሩብ ሰዓት ሞላ። ይሁን መዳፉን ከዕቃው በላይ ዘርግቶ ሙቀቱን ይለካል።

በሶማልኛ ነው የተናገረው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

“ዐርዶ፣ አንድ ነገር ደግሞ… ምን ነበር? ይኸው ጠፋብኝ። ቆይ ልጠይቃት።” ወንበር ተንቋቋ። ቴፑን ሳያጠፋው ወደ ግቢ ወጣ። ድምፁ ራቅ ብሎ ተሰማ፤ “ዐርዶ! ምን ልልሽ ነበር?”

አንዲት ወጣት ሴት ከወዲያ መለሰች፤ “እኔ ምን አውቄ! ና ሻይህን ጠጣ፣ ሊቀዘቅዝ ነው!”

“መጣሁ፣ መጣሁ።”

ከዚያ የጫማው ኮቴ ብቻ። ሪሉ አለቀና ጫፉ ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ዞረ።

ይሁን ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ዐርዶ ያዘችው። “ተወው ትንሽ” አለችው። ዓይኗ ከተከፈተው በር ላይ ነበር። አንድ ነገሩን እሱም ረስቶት ኖሯል። ሳቅ መጣባት፤ ሳቋም እንባዋን ይዞ ወጣ። ደግሞ ያቺን ወጣት ሴት፣ ድምፅዋ እንደ ገበያ ደወል ጥርት ያለውን፣ ስንት ዘመኗ ነው ካየቻት!

ዕቃው እስኪበርድ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲበርድ ዳንቴሉን አለበሰችው። በዚያ ዓመት ግን ዙር አልጨመረችለትም።

እናንተም ልጆቼ፣ ነፋስ በራችሁን ሲገፋው፣ ብድግ ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ዐርዶን አንድ አፍታ አስታውሱልኝ።