ወይዘሮ ቢሆንስና የጠቆረው ስክሪን

ሰፈሩ «ወይዘሮ ቢሆንስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው። ገና በተጋቡ በሳምንቱ ሊወጡ ሲሉ ዣንጥላ እንያዝ፣ ቢዘንብስ አለችው፤ ያዘ። ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢሰበርስ አለችው፤ ሁለተኛውንም ያዘ። ሰማዩ ላይ የጥፍር ያህል ደመና አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉም አልዘነበም። እሷ ግን ያልዘነበው ዣንጥላ ስለያዙ እንደሆነ እስከ ዛሬ ታምናለች።

ሥራዋ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የተሰፋውን ቁልፍ አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እየጎተተች ትፈትናለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእሷ እጅ ካለፈ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ወለቀ ተብሎ የተመለሰ የለም። ቤት ውስጥ ደግሞ የምትጎትተው ስፒና ነው። ጠዋት ባሏም ልጇም ከወጡ በኋላ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከክፍል ክፍል እየዞረች የካውያውን፣ የምድጃውን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁንም ሳይቀር ከግድግዳው ትነቅላለች። ከሥራ ቀድማ የምትገባውም እሷ ስለሆነች ማንም ሳይመጣ መልሳ ትሰካለች። ወተቱ ለምን ቶሎ ይበላሻል ሲሏት ወተቱን ትወቅሳለች። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው የእሷ ሕግ። በሕይወቷ አንድም የተቃጠለ ቤት አይታ አታውቅም፤ ምስጋናውንም ለራሷ ትሰጣለች።

አልነካውም ብላ ቃል የገባችበት አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ የልጇ ላፕቶፕ። የወይዘሮ ቢሆንስ ታላቅ ወንድም መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ያመጣላቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው፣ ሲሠራ እንደ ደከመው ሰው የሚያለከልክ ዕቃ ነው። ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከግድግዳው ከተለየ በዚያው ቅጽበት ድርግም ይላል።

ልጅቷ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። መመረቂያዋ አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ እሱን ከውጭም ከውስጥም በስክሪን እያዞረች ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ለሦስት ፈታኞች ማሳየት አለባት። ያን ቀን ያላሳየ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ጣሪያው እያፈሰሰ ስለተዘጋ ሁሉም የየራሱን ይዞ እንዲመጣ ተነግሯል።

ላፕቶፑ ታዲያ ይህን የሰማ ይመስል ቅዳሜ ታመመ። ልጅቷ ሥዕሉን ስትከፍት ስክሪኑ በአረንጓዴ መስመር ይሸነተራል፣ ጤና ጣቢያው እንደ ታጠበ ጨርቅ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ራሱን ይዘጋል። አባት ጎኑን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ የድሮ ቴሌቪዥናቸው በዚህ ይድን ነበር። እናት የእሳት መጀመሪያ ነው አለች። ልጅቷ ኢንተርኔት ላይ ስታነብ ውላ፣ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨር የሚሉት እንደሆነ ነገረቻቸው። ዕቃው ስክሪኑ ላይ እንዴት እንደሚስል የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከተበላሸ ነቅሎ አዲስ መጫን ነው መፍትሔው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱን መጫን አስጀመረችና፣ ሲጨርስ ራሱ እንዲጠፋ አዝዛ ወደ ኮሌጅ ሄደች። ማታ ስትመለስ ጠፍቶ አገኘችው። ስትከፍተው ያው አረንጓዴ መስመር ነው። ማክሰኞ የድሮውን ዓይነት ሞከረች። ረቡዕ ለዚያው ሞዴል ብቻ የተሠራውን ፈልጋ አገኘች። ሦስት ቀን፣ ሦስት ድራይቨር፣ አንድ መስመር።

ወይዘሮ ቢሆንስ በእነዚህ ሦስት ቀናት በተለመደው ሰዓት ዙሯን ስትዞር ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ያለከልክ ነበር። እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች፤ ይፋጃል። ከባሏ ቀጥሎ የቤቱ አሮጌ ዕቃ እሱ ነው። ሰው በሌለበት ቤት እንዲህ የሚያለከልክ ነገር ትታ መሄድ አልሆነላትም። እስካሁን ጨርሷል፣ ምን ሊቀረው ነው አለችና ነቀለችው። ማታ መልሳ ሰካችው። ቃሏን አልረሳችውም፤ ግን ቃል ከቤት አይበልጥም።

ረቡዕ ከሥራ መልስ እናትና ልጅ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው ሰፈሩ «ሐኪሙ» ወደሚለው ጠጋኝ ወሰዱት። ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ የሚሠራ፣ ለዕቃ እንጂ ለሰው ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ከፈተው፣ አንድ እፍኝ አቧራ አወጣለት፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ዕቃው ራሱ የሚመዘግበውን የጥፋት ዝርዝር ማንበብ ጀመረ።

«ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ተቋረጠ» አለ። «ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ዛሬም ሁለት ሰዓት ከአሥር። ይህ ዕቃ አርጅቷል፣ ለመጫን ሃምሳ ደቂቃ ይፈልጋል። ሦስቱንም ቀን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ነው የሞተው። ሰፈራችሁ መብራት ይጠፋል?»

ልጅቷ በዚያ ሰዓት እቤት እንደማትኖር ተናግራ ወደ እናቷ ዞረች።

«መብራት ነው» አለች ወይዘሮ ቢሆንስ። «መብራት ሳይሆን አይቀርም።»

ሐኪሙ ከመነጽሩ በላይ አያት። ሦስት ግማሽ ድራይቨሮች ውስጡ ተወሳስበው እንዳገኘ ነገራቸውና ሁሉንም ጠራርጎ አወጣ። ዛሬ ማታ ዲስኩ እስኪነጋ ይፈተሻል፤ ድራይቨሩ የሚጫነው ነገ ጠዋት ነው። መጨረሻው ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ማንም እንዳይነካው። አሁን ደግሞ ቢቋረጥ ላይነሳ ይችላል። እሱ ነገ ሌላ ከተማ ሥራ ስላለበት ሱቁ ዝግ ነው፤ ስልኩ ግን ክፍት ነው። ልጅቷ ጠዋት ኮሌጅ ሄዳ የንድፏን ወረቀቶች አዳራሹ ግድግዳ ላይ መስቀል ስላለባት ማን ይጠብቀው ብላ ጠየቀችው።

«እናትሽ ይጠብቁት» አለ።

ወይዘሮ ቢሆንስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠየቀች። አለቃዋ በስልክ ማን ሞተ አላት። እስካሁን ማንም አለችው።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ መጫኑን አስጀምራ፣ እናቷን ግንባሯ ላይ ስማ ወጣች። «ያንቺ ጥንቃቄ ነው ዛሬ የሚያስፈልገኝ፣ እማዬ» አለቻት።

ብቻዋን ስትቀር መዘጋጀት ጀመረች። አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቡ አኖረች። ውኃና ኤሌክትሪክ ጠላት መሆናቸው ትዝ ሲላት ውኃውን ደፍታ ከጎረቤት ግንባታ አሸዋ ሞላችበት። የቤቱን ካርታ፣ የልደት ወረቀቶቹንና የሠርግ አልበሙን በፌስታል ቋጥራ ለጎረቤቷ አደራ ሰጠች። ጎረቤቲቱ ቤት ልትለቁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ድራይቨር እየጫንን ነው አለቻት። ጎረቤቲቱ ራሷን ነቀነቀችና፣ የራሷን ልብስ ከገመድ ላይ ሰብስባ ገባች።

ሁለት ሰዓት ከአሥር ሆነ። እግሯ ራሱ ተነሣ። የካውያውን፣ የምድጃውን፣ የፍሪጁን እንዳይነቅል እጇን ከለከለችው፤ አንዱን መንቀል ከጀመረች እጇ የት እንደሚቆም አታውቅም። ወንበሩ ላይ ተመልሳ እጆቿን ጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

ስክሪኑ ጠቆረ።

ይጠቁራል ተብሎ ተነግሯታል። ቢሆንም ሲጠቁር ማየት ሌላ ነው። ማራገቢያው ጮኸ። የተቃጠለ የመሰለ ሽታ መጣ፤ አቧራ ይሆናል፣ ባይሆንስ? የፈሩት ይደርሳል አለች ለራሷ። ከጭኗ ሥር አንዱ እጇ አመለጠና ስፒናውን ያዘ። በሌላው እጇ ለሐኪሙ ደወለች።

«ጠቆረ» አለችው።

«ይጥቆር።»

«ይሸታል።»

«ጭስ ያያሉ?»

«ጭስ የለም።» ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ የትናንቱ ውሸቷ አልቆባት ነበር። «አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ። መብራት አይደለም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«አውቃለሁ እናቴ» አለ ሐኪሙ። «መብራት እንዲህ ሰዓት አክባሪ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን እኔን ዘበኛ አደረግኸኝ?»

«እርስዎ ከጠበቁት ሌላ ማን ይነቅላል ብዬ ነው። አሁን ስፒናውን ይዘዋል አይደል?»

«ይዣለሁ።»

«ይልቀቁትና ስለ ሌላ ነገር ያጫውቱኝ።»

ሌላ የምታውቀው ነገር ስላልነበራት ስለ ሸሚዝ ቁልፍ አጫወተችው። አራት ቀዳዳ ያለው ከባለ ሁለቱ እንዴት እንደሚሻል እየነገረችው ሳለ ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና በራ። አረንጓዴ መስመር አልነበረበትም። ከዚያ ራሱ ጠፋ፤ እንደታዘዘው። ለሐኪሙ ነገረችው። እሱም ባለ ሁለት ቀዳዳው ያንሳል ያሉትን ግን አልተቀበልኩም ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ልጅቷ ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተች። ጤና ጣቢያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስታዞረውም ዞረ። ወይዘሮ ቢሆንስ ልጇ ልትስቅ አፏን ስትከፍት አየችና ቀደመቻት።

«መብራት አልነበረም። እኔ ነኝ።»

ልጅቷ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። «ሦስት ጊዜ?» አለች።

«አራት። ሰኞ ከበር ተመልሼ ሰክቼው ነበር፤ መነቀሉን ለማረጋገጥ ደግሜ ነቀልኩት።»

ልጅቷ ላፕቶፑን አጠፋች፣ በፎጣ ጠቀለለች፣ ቻርጀሩን እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ጫማሽን አድርጊ» አለች። «የኮሌጁ ሶኬት ሁሉ የላላ ነው፤ ስፒና አይዝም። ቆሞ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

እየሮጡ ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስቱ ፈታኞች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ሶኬቱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ቢሆንስ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ስፒናውን በሁለት እጇ ወደ ግድግዳው ገፋች። ስትገፋ ላፕቶፑ ይበራል።

መሐል የተቀመጡት ፈታኝ አንገታቸውን አስግገው «እኚህ እናት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«መብራት ናቸው» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ሳይፈታ። ፈታኙም የሆነ ነገር ጻፉ።

ጤና ጣቢያው መዞር እንደ ጀመረ ነው ወይዘሮ ቢሆንስ ትዝ ያላት። ዙሯን አልዞረችም። ካውያው ተሰክቷል። ምድጃው ተሰክቷል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም። ጠዋት የልጇን ሸሚዝ ተኩሳለች፤ የካውያውን መዘውር ወደ ዜሮ መልሳው ነበር? አልመለሰችው ይሆን? ካርታው ጎረቤት ነው፣ ደግ። አሸዋው ግን ላፕቶፑ በነበረበት ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ካውያው ያለው መኝታ ቤት። በሩን አየች። እስከ በሩ አሥር እርምጃ ነው። ላብ ከግንባሯ ወደ ቅንድቧ ወረደ፤ የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም። ቤቱን ከጣሪያው ጀምራ በሐሳቧ አቃጠለችው፤ መጋረጃው፣ አልጋው፣ የባሏ ሁለቱ ዣንጥላዎች። እጇ አልተነቃነቀም።

«ለአሥራ ሁለት አልጋ አራት የአደጋ መውጫ አይበዛም?» ሲሉ ሰማች መሐል ያሉትን ፈታኝ። «በመመሪያው ሁለት ይበቃል።»

ልጅቷ ሥዕሉን ወደ መውጫዎቹ አዞረች።

«አንዱ ቢዘጋስ?» አለች።

«ሌላው አለ።»

«እሱም ቢዘጋስ?»

ፈታኙ ወደ ግድግዳው ሥር አንድ ጊዜ አዩና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አለፍሽ አሏት። ወይዘሮ ቢሆንስ ጣቶቿን ከስፒናው ለማላቀቅ የልጇ እርዳታ አስፈለጋት። ልጅቷ አንድ በአንድ ዘረጋችላቸው፤ ሰኞ ስለተነቀለው ዳግመኛ አላነሣችም።

እናት ግን ለደስታ ጊዜ አልነበራትም። እስከ ሰፈሩ መታጠፊያ ድረስ ጭስ እየፈለገች ሄደች። ቤቱ በቦታው ነበር። ጎረቤቲቱ አልበሙን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታገላብጣለች፤ እዚህ ፎቶ ላይ ለምን ሁለት ዣንጥላ ያዛችሁ ብላ ጠየቀቻት። ሳትመልስላት ገባች። ካውያው ተሰክቷል፣ መዘውሩ ዜሮ ላይ ነው። ከክፍል ክፍል እየዞረች ሶኬቶቹን ሁሉ በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው። ወተቱን አውጥታ ቀመሰችው፤ አልተበላሸም።

ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም።