የአሥራ ሰባት ቁጥር የምሳ ሰዓት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጋሽ ሴኮንድ» ነው የምባለው። የሩጫ ዳኞች የሚይዙትን ዓይነት ሰዓት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሃያ ሁለት ዓመት አይጥ ሳይ ኖሬያለሁ። አይጧ ጥግ ስትይዝ እጫናለሁ፣ ጥጉን ስትለቅ እጫናለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «ባልሽ ምን ሠርቶ ይገባል ሲሉኝ ምን ልበል?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት፤ አሁን የሚጠይቅም የለም።

ባለፈው ዓመት ካሜራና ፕሮግራም መጣ። ካሜራው ከላይ ይቀርጻል፣ ፕሮግራሙ ነጯን አይጥ ከጥቁሩ ወለል ለይቶ የት ስንት ሴኮንድ እንደቆየች ይነግረናል። አይደክመውም፣ አያስነጥሰውም፣ ሽንት ቤት አይሄድም። እኔ የቀረሁት እሱን ለመቆጣጠር ነው፤ ከአሥር ፊልም አንዱን በእጄ ለክቼ ከማሽኑ ጋር አስተያያለሁ። እስካሁን ተጣልተን አናውቅም።

የዘንድሮው ጥናት ብቸኝነት ላይ ነበር። አሥራ ሁለት አይጦች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሌሎች አሥራ ሁለት ደግሞ ለየብቻቸው፣ ስድስት ሳምንት በሳጥን ይቀመጣሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ወደ መፈተኛው ትገባና በሽቦ መረብ ከተከለለች እንግዳ አይጥ አጠገብ ምን ያህል እንደምትቆይ ይለካል። ብቻዋን የከረመች እንግዳ ትፈራለች የሚል ነበር ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ግምት። ልክ ነበረች፤ አሥራ አንዱ ጥግ ይዘው ቀሩ። አሥራ ሰባት ቁጥር ግን በገባች በሦስት ሴኮንድ መረቡ ሥር ደረሰች። ፈተናው ከሚቆይበት አሥር ደቂቃ ሰባቱን ከዚያ አልተነቃነቀችም።

ዶክተሯ በዕድሜ ልጄ፣ በሥራ አለቃዬ ናት፤ ስለዚህ ሁለታችንም አንቱ እንባባላለን።

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል፤ እስቲ በእጅዎ ይለኩልኝ» አለችኝ።

ለካሁ። ልዩነታችን አንድ ሴኮንድ አልሞላም።

«እንግዲያው ምልክቱ ነው» አለች። የአይጦቹን ቁጥር ጅራታቸው ላይ በማርከር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስለሚለቅ በየሳምንቱ አድሰዋለሁ። «ሲያድሱ ከባለጓደኞቹ አንዷ ጋር ተለዋውጣብዎት ይሆናል። ያጋጥማል፣ ጋሼ። እንደዚያ ብለን እናስወጣታለን።»

ከጥናት የወጣች አይጥ መጨረሻዋ መርፌ ነው። «አዎ፣ ተሳስቼ ነው» ብል ለእኔ እፎይታ ነበር፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ስህተት ማን ይቆጥርብኛል? እሷ ግን በእኔ ውሸት ልትሞት ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይላሉ። የዚችኛዋ ምስክር እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ዶክተር፣ የመኖሪያ ሳጥኖቹን ፊልም ይክፈቱት» አልኩ። «ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዩ።»

መደርደሪያው ፊት ያለው ካሜራ ቀኑን ሙሉ ይቀርጻል፤ ፊልሙን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከፈተችው። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወርድ በሩ ይከፈታል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ አናቱ የተመለጠ ሰውዬ ይገባል። መመለጤን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሰውዬው የአሥራ ሰባት ቁጥርን ክዳን አንስቶ እጁን ያስገባል፤ እሷም እየሮጠች መጥታ መዳፉ ላይ ትወጣለች። ያወራታል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፣ እግዜር ይስጠው።

«ምን እያሏት ነው?»

«ምኑን አውቄው... ልጄ እሑድ እንደደወለችልኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ዛሬም እንደቀረ። እንዲህ እንዲህ ያለውን።»

«በየቀኑ?»

«በየሥራ ቀኑ።»

«ለምን እሷን?»

«መጀመሪያ ቀን ጅራቷን ስጽፍ ያልነከሰችኝ እሷ ብቻ ናት።» ከዚያ ያላሰብኩት ነገር አመለጠኝ። «ዶክተር፣ ቤቴ ውስጥ የማናግረው ሰው የለኝም።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገች። ስድስት ሳምንት የለፋችበት ነገር ነው፤ ብትቆጣም አልፈርድባትም።

«ሌሎቹን ነክተዋል?»

«አንዷንም።» ፊልሙም መሰከረልኝ።

«ደንቡን ያውቁታል» አለች። «የምትወጣበት ምክንያት በሁለት ሰው ተለክቶ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ለኪ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ራስዎን ይለኩ።»

ራሴን ለካሁ። እጅ ሲገባ ተጫንኩ፣ እጅ ሲወጣ ተጫንኩ፤ አሥራ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ። ልዘጋው ስል ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን እንደምታደርግ አይቼ አላውቅም፤ ወደ ምግቧ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። አልሄደችም። እጄ የነበረበት ቦታ ላይ አፍንጫዋን ወደ ክዳኑ አቅንታ ቁጭ አለች። ሰዓቱን እንደገና ተጫንኩ። አርባ አንድ ደቂቃ። የሌላ ቀኑን ከፈትኩ፤ ሠላሳ ስምንት። ልጄ እሑድ ስትደውል ስድስት ደቂቃ እናወራለን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኔ ስንት ደቂቃ ይዤው እንደምቀመጥ ለክቼ አላውቅም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ በር በር የምታይ አድርጌያታለሁ፤ አፈርኩ።

ዶክተሯ ቅጹ ላይ «አሥራ ሰባት ቁጥር፤ የወጣችበት ምክንያት፦ ብቻዋን አልነበረችም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረምኩ።

«መርፌው ይቅርላት፣ ዶክተር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቅጹን ተቀበለችኝ። «አብረው ከኖሩት፣ ፈተናቸውን ከጨረሱ ሁለት አይጦች ጋር እናስገባታለን። እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ክፍል አይገቡም። ማየት ከፈለጉ በካሜራ።»

ሰኞ ምሳ ሰዓት ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል አሥራ ሰባት ቁጥር ክዳኑ ሥር ሄዳ አፍንጫዋን አቀናች። ሃያ ስድስት ደቂቃ ጠበቀች። ማክሰኞ አሥራ አንድ። ረቡዕ ከሁለቱ አንዷ መጥታ ጀርባዋ ላይ ተጋደመችባት፤ የጠበቀችው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ሐሙስ ለአመል ያህል አንዴ ቀና ብላ ተመለሰች። አርብ ሰዓቱ ሲደርስ ሳትነሣ አስቀድሜ ተጫንኩ። ሦስቱ ተደራርበው ተኝተዋል። ጆሮዋም አልተነቃነቀ።

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ለእሷ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ለራሴ ግን ሆድ ባሰኝ።

ዶክተሯ ከምሳ ስትመለስ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «ጋሼ፣ ምን እየለኩ ነው?»

አንገቴ ላይ ያለውን አየሁት። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማቆም ረስቼው፣ ሰዓቱ አሁንም ይቆጥር ነበር።